ባንዱም ይምጣ፣ አባ ኮዳም ይቆይ፦ ስለ ሐይቃችን ፌስቲቫል ለሀዋሳ ከተማ ግልጽ ደብዳቤ

ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር፣ ለባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎች፣ በሐይቁ ዳር ለምትሠሩና ለምትኖሩ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልናገር። ሐይቃችን ዳር በዓመት አንድ ቀን የአደባባይ ፌስቲቫል ይኑረን። ጠዋት ወፎቹንና እንስሳቱን እንወቅ፣ ከሰዓት ሙዚቃ እንስማ። ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው። ለልጆች በነጻ ይሁን። አጥብቄ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የፕሮግራሙን ሰዓት እንስሳቱ ያውጡት። ባንዱም፣ ኤምሲውም፣ የክብር እንግዳውም በእነሱ ሰዓት ይሂድ።

እኔ ሙዚቀኛ ነኝ። ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ሰርግ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ ሆቴል ውስጥ። «ሙዚቃ ይቅር» የሚል ደብዳቤ ከእኔ አይወጣም፣ እንጀራዬ ነው። ግን ስፒከር ውሃ ዳር ሲቆም ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚወርድበትን አሞራ ገደልንም አውቀዋለሁ። ማታ ሠርቼ ጠዋት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የምሄደው እዚያ ነው።

በማለዳ እዚያ ሄዶ የማያውቅ የሀዋሳ ሰው ካለ ትልቅ ነገር ቀርቶበታል። ጀልባዎቹ ሲመለሱ መረቡ ይዘረጋል። ቆሮሶው ከመረቡ እየተፈታ ይወርዳል፣ አልፎ አልፎም ጢማሙ አምባዛ አብሮ ይመጣል። ልጆቹ ቢላ ይዘው ተቀምጠዋል። ቢላው ከጭንቅላቱ ሥር ይገባና በአከርካሪው ላይ ወደ ጅራት ይንሸራተታል። ዓሣው ይገለበጣል፣ በሌላው ጎን ያው ይደገማል፣ ከዚያ ቆዳው ይገፈፋል። ሥራው በሙሉ የአንድ ዘፈን ኢንትሮ እንኳን አይፈጅም። አጥንቱ ሲወረወር ግን መሬት አይደርስም። ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ቆሟል።

አባ ኮዳ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። የስምንት ዓመት ልጅ ቀና ብሎ ነው የሚያየው። ጭንቅላቱና አንገቱ መላጣ ነው፤ ጥንብ ውስጥ የሚገባ ጭንቅላት ላባ ቢኖረው ደምና ቆሻሻ ተጣብቆበት ይቀር ነበር። እግሩ ደግሞ ነጭ ይመስላል። ቀለሙ ግን እሱ አይደለም። ሙቀት ሲበዛበት በገዛ እግሩ ላይ ኩሱን ይለቃል። እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል፣ ነጩ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ይህን ለአንድ ልጅ ንገሩትና ፊቱን እዩት። ከዚያ በኋላ አባ ኮዳን ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው።

ቀና ስትሉ ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ። ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሶ፣ ጅራቱን አንጠልጥሎ፣ እኛን ከጉዳይ ሳይቆጥር ቅጠል ያኝካል። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል በአራቱ ጣቶቹ ብቻ ይንጠለጠላል። ሲወለድ ድፍን ነጭ ነው፣ ጥቁሩ የሚመጣው ከተወለደ በኋላ ነው። በየዓመቱ ስንት ሺህ ሰው ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ይህን የሚነግረው ሰው ግን የለም። የሚያገኘው ሙዝ የሚሸጥ ልጅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሙዝና ለውዝ መስጠቱን ሁላችንም እንደ ደግነት ነው የምናየው። ጉሬዛ ግን ሆዱ በብዙ ክፍል የተከፈለ ነው፣ ቅጠሉንም የሚፈጩለት እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ዳቦና ብስኩት ሲገባበት ያ ሥርዓት ይዛባል። ጦጣው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሰው እጅ ማየት የለመደ ጦጣ ሳይሰጡት ሲቀር ይነጥቃል። የሴቶች ቦርሳ፣ የሕፃናት ብስኩት፣ አንዳንዴም ስልክ ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል። ከዚያ «ሌባ ነው» ብለን በድንጋይ እናባርረዋለን። እኛው አስተምረነው እኛው እንቀጣዋለን።

በፌስቲቫሉ ቀን ይህ ይቁም። ሙዝ ሻጮቹን ግን አታባርሯቸው፣ እነሱም ቤተሰብ አላቸው። ያው ልጅ ያን ቀን ሙዙን ለሰው ይሽጥ፣ ወይም የውሎ አበል ተከፍሎት እንግዳ ይምራ። የትኛው ጦጣ የየትኛው እናት እንደሆነች፣ የትኛው አስቸጋሪ እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ማን አለ?

ወደ አስተማሪዎቹ ላምራ። ስለ ዱር እንስሳት ትምህርት ሲባል ቶሎ የሚታየን አዳራሽ፣ ፕሮጀክተርና ባነር ነው። እባካችሁ ያን ተዉት። ሐይቁን የሚያውቁት ዓሣ አጥማጆቹና ጀልባ ቀዛፊዎቹ ናቸው። ዓሣ አዳኙ ንስር የቱ ዛፍ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ፔሊካኖቹ በየት በኩል እንደሚመጡ፣ ጉማሬው የትኛው ሸምበቆ ውስጥ እንደሚውል ይነግሯችኋል። ከጎናቸው የወንዶ ገነት ተማሪዎችን አቁሙ። የዱር እንስሳት ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ ከከተማችን አፍንጫ ሥር ነው። ዓሣ አጥማጁ የሚያየውን ይናገር፣ ተማሪው ምክንያቱን ይንገር። ሁለቱም በእኩል ይከፈላቸው። ይህን «በእኩል» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት።

ከአዲስ አበባም መጥራት የሚቻል አለ። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በወፍ ጉዳይ አንጋፋ ነው። ግን እንግዳ ይሁኑ፣ ባለቤት አይሁኑ።

ለልጆች መነጽር ያስፈልጋል፤ የርቀቱን ማለቴ ነው። ውድ ዕቃ ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አይዳረስም። አሥር ብንሰበስብ ወረፋ ይዘው ያያሉ፣ ወረፋውም ራሱ ጨዋታ ነው። በውሃ አበባ ቅጠል ላይ እንደ አስፋልት የምትራመደውን፣ ጃካና የምትባለውን ወፍ ያሳዩዋቸው። ረጃጅም ጣቶቿ ክብደቷን ስለሚበትኑላት አትሰጥምም። ከዚያ እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ መሆኑን ይንገሯቸው። እናቶች የሚስቁበት ቦታ ይሄ ይመስለኛል። አባቶች ምን እንደሚሉ አላውቅም። ራሷ መዶሻ የመሰለችው ቡናማ ወፍ ደግሞ ጭራሮ እየለቀመች ሰው ቢቆምበት የሚሸከም ጎጆ ትሠራለች። ይሄ ሁሉ ከአንድ ቦታ ሳንነሳ የሚታይ ነው። ሌላ ከተማ ለዚህ መኪና ተከራይቶ ይሄዳል።

ስለ ሐይቁም አንድ ነገር ይነገር። ሀዋሳ ሐይቅ ውሃ ይገባበታል እንጂ በወንዝ አይወጣበትም። ዋናው ገባሪው ጥቁር ውሃ ነው። ጥቁር ውሃ የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው፣ ጨለለቃ ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በፊት ራሱ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ሽማግሌዎች ካልነገሩን ማንም አያምንም። መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ የተጣለ ፌስታል የትም አይሄድም። የት ይሂድ? በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል። ፌስቲቫሉ ያለ ፌስታል ቢካሄድ ሕግ ማክበር ነው፣ ተአምር አይደለም። ውሃ በበርሜል ቀርቦ ሰው ኩባያውን ይዞ ይምጣ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ።

ሙዚቃው የት ይሁን? አሞራ ገደል ዛፍ ሥር አይሁን። ዛፉ የእነሱ ቤት ነው። ጠዋቱን አሞራ ገደል እናሳልፍና ከሰዓት ወደ ጉዱማሌ እንሂድ። ጉዱማሌ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ሰፊ ሜዳ ነው፣ በዓሉም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቦታው ክብር ያለው ስለሆነ መጀመሪያ አባቶች ይጠየቁ። እሺ ካሉ እነሱው ይክፈቱልን። የአዲስ ዓመቱን ቀን አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ አዋቂ አባቶች ከዋክብት አይተው በሚቆርጡበት አገር ወደ ላይ አንጋጦ ወፍ ማየት ለማንም እንግዳ ነገር አይሆንም። ከንግግር በፊት የሲዳማ ባህላዊ ጭፈራ ቄጣላ ይቅደም። ንግግሩም፣ ክቡራን ይቅር በሉኝና፣ ከአሥር ደቂቃ አይለፍ። ስንት ፕሮግራም ላይ ገመዳችንን ዘርግተን ሁለት ሰዓት ንግግር ስንጠብቅ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲሄድ አይቻለሁ።

ድምፁ እንዴት ይሁን? በከተማችን የተለመደው መድረኩ ግራና ቀኝ ላይ ስፒከር መደርደር ነው። ፊት የቆመው ጆሮው ይደነቁራል፣ ኋላ የቆመው ግጥሙ አይሰማውም። ሳውንድ ማኑ ለኋላው ብሎ ይጨምራል። ፊተኛው ጆሮውን ይይዛል። በዚህ መሀል ድምፁ ሐይቁን ተሻግሯል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ትልልቅ ከማቆም ስድስት ትንንሽ ስፒከር በሕዝቡ መሀል ይበተን። ለሁሉም እኩል ይሰማል፣ ማንም አይጮኽበትም። ፊታቸው ወደ ሜዳው፣ ጀርባቸው ወደ ውሃው ይሁን።

ቤዙ ግን ጀርባና ፊት አያውቅም። ቀጭን ድምፅ ወደዞረበት ይሄዳል፣ ወፍራም ድምፅ በየአቅጣጫው ይበተናል። ግድግዳ እንኳን አያቆመውም። ሰርግ ካለበት ሰፈር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ዘፈኑ ሳይሰማ ድም ድም የሚለው ብቻ ቤታችሁ ይገባል። ስለዚህ ትልቁ የቤዝ ስፒከር ከሐይቁ ይራቅ፣ ቁጥሩም ይቀነስ። ቤዝ ተጫዋቾች ወዳጆቼ ናቸው፣ ይቆጡኛል። ይቆጡ።

ሰዓቱስ? ይህ ዋናው ነው። አመሻሽ ላይ ውሃው ላይ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው ሞቅ እንዳለ ይቆያል። እንዲህ ሲሆን ወደ ላይ ሊወጣ የነበረው ድምፅ ተመልሶ ወደ ውሃው ይጎብጣል፣ በጣም ሩቅም ይሄዳል። ማታ ማዶ ያለ ሰው ሲያወራ ቁልጭ ብሎ የሚሰማን ለዚህ ነው። ያው ሰዓት ደግሞ ወፎቹ ለማደር ዛፍ ላይ የሚሰፍሩበት ነው። ስሙን በማልጠራው ውሃ ዳር ባለ ቦታ አንድ ምሽት ስንጫወት ሳውንዱ ሲለቀቅ የሰፈሩት ወፎች በሙሉ ተነስተው በጨለማ ሲዞሩ አየን። ባለቤቱ «ጨምሩት እንጂ» ነበር ያለው። ወፍ ጨለማ ውስጥ ደንግጣ ስትበር ሽቦና ግድግዳ አይታያትም።

ለዚህም ነው ርችት ፈጽሞ የማይታሰበው። በአሜሪካ፣ አርካንሶ ግዛት ውስጥ ቢቢ በምትባል ትንሽ ከተማ በ2010 እ.ኤ.አ. የዘመን መለወጫ ሌሊት ርችት ተተኩሶ ያደሩ ወፎች ደንግጠው ተነሱ። ከቤትና ከዛፍ እየተጋጩ በሺዎች መንገድ ላይ ወድቀው ተገኙ። ፎቶው ዓለምን ዞሯል። የእኛ ሐይቅ ዳር ያንን አያስፈልገውም።

ስለዚህ ሙዚቃው ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይሁን። 11 ሰዓት ላይ ጀነሬተሩ ይጥፋ። ሌላም ምክንያት አለኝ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። መንገዱን የዘጋበትን ሰው አይምርም። ልጅ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ሳይጨልም ወደ ቤቱ ቢገባ ለሁሉም ጥሩ ነው። «ያለ ማታ ኮንሰርት አይደምቅም» የሚል አይጠፋም። ሰርግ በቀን ስንጫወት እኮ ነው የኖርነው! ምሳ በልቶ የሚጨፍረውን ሕዝብ የሚያህል ጨፋሪ የለም።

ማን ይዝፈን የሚለውን ለእናንተ ልተው፣ ስም መጥራት ጠብ ያመጣል። ብቻ የከተማው ልጆች ይቅደሙ። የሲዳምኛው፣ የአማርኛው፣ የወላይትኛው፣ የኦሮምኛው ሁሉም አለን። ማሲንቆና ክራር ያለ ብዙ ኤሌክትሪክ ይሠራሉ፤ በጠዋቱ ፕሮግራም መሀል ቢገቡ ወፍ አያስደነግጡም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ስለ ወፍና ዛፍ ጥበቃ ዘፈን አታሠሩ። በትእዛዝ የተሠራ የአካባቢ ጥበቃ ዘፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አጅቤ አውቃለሁ። ማንም አልጨፈረም። ዘፋኙ የሚወደውን ይዝፈን፣ ትምህርቱን ለዓሣ አጥማጁ እንተወው።

«ሰው ለባንዱ ብቻ ብሎ ከሰዓት ነው የሚመጣው» ትሉ ይሆናል። ይመጣል። ከሰዓት የመጣው ግን ልጁ ስለ አባ ኮዳ እግር ከጓደኛው ሲሰማ በሚቀጥለው ዓመት በጠዋት ጎትቶ ያመጣዋል። ልጅ ያልጎተተው ወላጅ የለም። ጉዱማሌ ላይም አንድ ድንኳን ይኑር፤ ጠዋት የታዩት ወፎች ስማቸው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ያየ ሁሉ እየመጣ ይጨምር። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። በአንድ ጠዋት ሐይቃችን ዳር ስንቱ እንደሚታይ ሰሌዳው ይንገረን። ከየትምህርት ቤቱ የመጡ ልጆች ፉክክር ይገባሉ፣ ሽልማቱም አንድ መነጽር ይሁን።

ቀኑን በተመለከተ የዓለም የስደተኛ ወፎች ቀን የሚባል አለ። በዓመት ሁለቴ፣ በሜይና በኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜዎች ይከበራል። የኦክቶበሩ ለእኛ ይመቻል። እንደ ዓመቱ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይውላል። መስቀል አልፏል፣ ትምህርት ተከፍቷል፣ ክረምቱ እየወጣ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡትም መግባት የሚጀምሩት ያኔ ነው። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ትልልቅ ወፎች እንደሚያልፉ ይገመታል። ንስር፣ ጭልፊት፣ ሽመላ፣ ሁሉም ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቀ አየር ላይ እየተንሳፈፉ ነው የሚወርዱት። እኛ መንገዳቸው ላይ ቤት ሠርተን ተቀምጠናል።

ገንዘቡ ያን ያህል አያስፈራም። ከተማችን የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤልን እንግዳ በየዓመቱ ታስተናግዳለች። ፍቼን ታስተናግዳለች። ሕዝብ መቀበል አዲስ አይሆንባትም። ሆቴሎቹ አልጋ ይሸጣሉ፣ ዓሣ ጠባሾቹ ይነግዳሉ፣ የሲዳማውን ምግብ ቡርሳሜ የሚሠሩ እናቶች ድንኳን ያገኛሉ። ከዚያ ትርፍ ላይ ለመድረክ፣ ለመጸዳጃና ለጽዳት ሠራተኞች ይዋጣ። መጸዳጃውን አትርሱ። ከሁሉ በፊት የሚረሳው እሱ ነው። ለሞተር ጀልባዎችም ወሰን ይበጅላቸው፤ ያን ቀን ወደ ሸምበቆው አይጠጉ፣ በመቅዘፊያ የሚሄዱት ይሥሩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ፌስቲቫሉ ከተሳካ በማግስቱ እሑድ ወደ ስንቅሌ የዱር እንስሳት መጠለያ አውቶቡስ ቢዘጋጅ ደስ ይለኛል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው የስዌይን ቆርኬ ያለው እዚያ ነው፣ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ስንት የሀዋሳ ልጅ አንበሳና ዝሆን በቴሌቪዥን አይቶ ቆርኬን ግን በስሙ እንኳን አያውቀውም። ይሄ ግን ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ፤ መጀመሪያ የቅዳሜዋን እንቻላት።

ከእናንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ቀኑን ከአሁኑ ቁረጡልን። አሞራ ገደልንና ጉዱማሌን የሚመለከታቸውን ክፍሎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡልን፤ ከቢሮ ቢሮ ስንንከራተት መስከረም አያልፍብን። የድምፅ መጠኑንና የመዝጊያውን ሰዓት ደግሞ በጽሑፍ አውጡልን። በቃል የተነገረ ሰዓት መድረክ ላይ ሲወጣ ይረሳል፣ ዘፋኝ «አንድ ልጨምርላችሁ?» ካለ የሚያስቆመው የለም። ወረቀት ካለ ግን ሳውንድ ማኑ ገመዱን ይነቅላል።

ከእኛ በኩል ደግሞ ኪቦርዴን፣ ሚክሰሬንና አራት ትንንሽ ስፒከሮቼን ያለ ኪራይ አቀርባለሁ። ሁለት ብቻ ነው የሚጎድለን። ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ካነበባችሁ ደውሉልኝ፣ ቁጥሬን ታውቁታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሀዋሳ ኪቦርድ ተጫዋች